እጅ እጅ የሚለው ሾርባ

በጓንት ፋብሪካው ቅጽል ስም የሌለው ሰው የለም፤ ከሰፊዎቹ የአንዷ «አካፋ» ነው። ስሙ የወጣላት በእጇ ምክንያት ነው። የወንድ ዘጠኝ ቁጥር ጓንት ልክክ ይልላታል። በዚያ እጅ የምትሠራው ግን ከፋብሪካው ሥራ ሁሉ ቀጭኑን ነው፤ በጣትና በጣት መካከል የሚገባውን፣ ከጫማ ማሰሪያ ብዙም የማይሰፋውን የቆዳ ቁራጭ ትሰፋለች። አዲስ ገቢ ሠራተኛ መጀመሪያ እጇን አይቶ ይስቃል፣ ቀጥሎ ስፌቷን አይቶ ወንበሩን ወደ እሷ ያስጠጋል።

ምሳ የሚበላው አሮጌው የመቁረጫ ጠረጴዛ ላይ ነው። ገጹ በቢላዋ ተሸንትሮ ተሸንትሮ የሽማግሌ ግንባር መስሏል። የስፌት መኪኖቹ ሲቆሙ ጆሮ ዝምታውን ቶሎ አይለምደውም፤ ስለዚህ የምሳ ወሬ ሁልጊዜ የሚጀመረው በጩኸት ነው። «ጨው አነሰው!» ይላል አንዱ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው፣ ወንዝ ማዶ እንዳለ ሁሉ። ቀስ በቀስ ድምፁ ይወርዳል። ርዕሱ ግን ያው ነው፤ ምግብ።

«የደመወዝ ወሬ ያጣላል፣ የባል ወሬ ያሳማል፣ የምግብ ወሬ ግን ያጠግባል» ትላለች ቆራጯ። ቆራጯ ቆዳ የምትቆርጥ ትንሽዬ ሴት ናት፤ ከቢላዋዋ ይልቅ ምላሷ የተሳለ ነው። ከእሷ ፊት ለፊት ሜካኒኩ ይቀመጣል። ቀን መኪና ሲጠግን ይውልና ማታ ገብቶ ለሚስቱ ያበስላል፤ ይህንንም ሳይናገር የዋለበት ቀን የለም። ከጠረጴዛው ጫፍ ደግሞ እትዬ ክር አሉ። የክር መጋዘኑን ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው የሚዞሩ፣ ጡረታቸው ከደረሰ የቆየ፣ የሚተካቸው ግን ያልተገኘ አዛውንት ናቸው።

የወሬያቸውን ጣዕም ለማወቅ አንድ ምሳ ይበቃል።

«ሩዝ የሚታጠበው ውሃው እስኪጠራ ነው» ትላለች ቆራጯ።

«እስኪጠራ ካጠብሽውማ ልብስ አደረግሽው እንጂ ምኑን በላሽው!» ይላል ሜካኒኩ።

«የአንተን ሩዝ አይቼዋለሁ። በማንኪያ ሲያነሱት ድስቱም አብሮ ይነሳል።»

«ያጠግባል እኮ።»

«ግድግዳም ይመረግበታል።»

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» ይላሉ እትዬ ክር። «አሁን ያንን ጨው አቀብሉኝ።»

በጠረጴዛው ላይ ቦታ ያላቸው ዛሬ ያሉት ብቻ አይደሉም። ድሮ ማሸጊያ ክፍል አንዲት ሎሚ በጨው የምታቆይ ሴትዮ ነበረች። ጡረታ ከወጣች ልጆቿ ልጆች ወልደዋል፤ ሎሚዋ ግን ዛሬም ይነሳል። «እንደ እሷ ሎሚ ያለ የለም» ይባላል፣ ሁሉም አንዴ ምራቁን ይውጣል፣ ከዚያ ወደየምሳ ዕቃው ይመለሳል።

አንድ ሳምንት ግን አካፋ አልቀለደችም። ምሳ ዕቃዋን ከፍታ ትመለከተዋለች፣ መልሳ ትከድነዋለች።

ነገሩ የእናቷ ነው። እናቷ እዚሁ ፋብሪካ ዕድሜ ልኳን የሰፋች ሴት ናት። አሁን ከአካፋ ጋር ትኖራለች። ቀኑና ዓመቱ ይምታታባት ጀምሯል፤ አንዳንዴ ማለዳ ተነስታ ሥራ ረፈደብኝ ብላ ጫማዋን ትፈልጋለች። ይህስ ባልከፋ። ከአንድ ወር ወዲህ ግን ምግብ እምቢ አለች። ዳቦው ይነከሳል፣ ይቀመጣል። እንቁላሉ ይቀዘቅዛል። ሐኪሙ መርምሮ ሌላ በሽታ አላገኘባትም። «የለመደችውን ስጧት» አለ። የለመደችው ደግሞ አንድ ነገር ነው፤ ልጆቿን ያሳደገችበት የምስርና የሩዝ ሾርባ።

አካፋ ሾርባውን ሠራች። እናት አንድ ማንኪያ ቀመሰች፣ ሳህኑን በሁለት ጣቷ ገፋ አደረገችና «እጅ እጅ ይላል» አለች። በማግስቱም ተሠራ፤ በማግስቱም «እጅ እጅ ይላል»።

ሌላ ከተማ የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ ደወለ። ሚስቱ ነርስ ናት። «እህት ዓለም፣ እሁድ እመጣለሁ» አላት። «እስከዚያ ካልበላች ይዣት እሄዳለሁ። ቢያንስ እኛ ቤት ግሉኮስ የሚሰካላት ሰው አለ።» ትክክል እንደሆነ አካፋ ታውቃለች። ግን እናቷ እዚህ ቤት ከመኝታዋ እስከ መታጠቢያ ቤት በእጇ እየዳበሰች፣ ማንንም ሳትጠራ ትሄዳለች። በማታውቀው ቤት የቱን ግድግዳ ትዳብሳለች? አካፋ ይህንን አስባ ስልኩን ከዘጋች በኋላም ጆሮዋ ላይ ይዛው ቆየች።

ያን ሾርባ አካፋ በምላሷ ሳይሆን በጆሮዋ ነው በመጀመሪያ የምታስታውሰው። ያደጉት በሁለት ክፍል ቤት ነው፤ በክፍሎቹ መካከል ያለው ከቀጭን ጣውላ የተሠራ ግድግዳ ነበር። እሷና ወንድሟ አልጋ ላይ በሆዳቸው ተኝተው የቤት ሥራ ሲሠሩ እናታቸው ቆዳ ቆዳ እየሸተተች ከሥራ ትገባለች። ጫማዋን የማውለቋ ድምፅ ይሰማል። ቀጥሎ ያ ጣሳ፤ አበባ የተሳለበት፣ አበባው በመነካካት ብዛት ግንዱ ብቻ የቀረ የቆርቆሮ ጣሳ፣ ክዳኑ ሲጢጥ ብሎ ይከፈታል። ቀጥሎ ደግሞ ሽርርር የሚል ነገር ይመጣል፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደሚወርድ ትንሽ ዝናብ። ወንድሟ እርሳሱን ይጥልና «ዝናቡ መጣ!» ይላል። ዝናቡ መጣ ማለት ራት ደረሰ ማለት ነው። ከዚያ ሽንኩርቱ ይከተላል፤ ሽታው በጣውላው ስንጥቅ እየሾለከ ይገባል፤ የቤት ሥራው በዚያው ይበላሻል።

ሐሙስ ዕለት አካፋ ሾርባውን ለምሳ ይዛው መጣችና ጠረጴዛው መሃል አኖረችው።

«ቅመሱና ፍረዱኝ» አለች። «ምኑ እንደጎደለ ንገሩኝ።»

ማንኪያ ሁሉ ገባ። እነዚህ ሰዎች ለምግብ ሲሆን ዝም ማለትን ያውቁበታል።

«ሽንኩርቱን ቸኩለሽበታል» አለች ቆራጯ። «ሽንኩርት እንደ አማት ነው፤ ካልታገሡት ያቃጥላል።»

«ቀስ ብዬ ነው ያበሰልኩት።»

«ነጭ ሽንኩርት የለውም» አለ ሜካኒኩ።

«እናቴ ነጭ ሽንኩርት አታስገባበትም ነበር።»

«እሱ ነዋ ችግሩ!»

«ችግሩስ አንተ ነህ» አለች ቆራጯ። «አንተ እኮ ሻይ ውስጥም ነጭ ሽንኩርት ከመጨመር የማትመለስ ሰው ነህ።»

«ለጉንፋን ጥሩ ነው» አለ ሜካኒኩ፣ ሳያፍር።

እትዬ ክር ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከጠረጴዛው ሰዎች የአካፋን እናት ከወጣትነቷ ጀምሮ የሚያውቋት እሳቸው ብቻ ናቸው። «እሷ ቀምሳ ምን አለች?» ብለው ጠየቁ።

«እጅ እጅ ይላል አለች።»

«ሰልችቷት ነዋ፣ ምስኪን» አለች ቆራጯ። እጅ እጅ አለኝ ማለት ሌላ ምን አለው፤ ሰለቸኝ፣ ወዲያ በሉልኝ ነው።

እትዬ ክር ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናትሽ ሲሰለቻት ሰለቸኝ የምትል ሴት ናት። ነገር አታዞርም። እጅ ካለች እጅ ማለቷ ነው። ምስሩን በምን ለካሽው?»

«በእፍኝ ነዋ። አንድ እፍኝ ምስር፣ አንድ እፍኝ ሩዝ፣ አንድ ሽንኩርት። ስትነግረኝ የኖረችው እንደዚያ ነው።»

«በማን እፍኝ?»

ሁሉም ዓይን ቀስ ብሎ ወደ አካፋ እጅ ሄደ። አካፋ ራሷም የራሷን እጅ የሌላ ሰው ዕቃ እንደሆነ ገልብጣ አየችው። ከዚያ ቆራጯ በሳቅ ፈነዳች።

«ኧረ በአካፋ! ሴትዮዋ ሾርባ ለመነች፣ አሸዋ ገለበጠችባት!»

ሜካኒኩ እስኪያለቅስ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድ ግን ሁሉም ትንሽ አፈሩ። የማያውቁትን ሰው ሲጨብጡ እንኳ በልባቸው «ሰባት ተኩል» ብለው ቁጥር የሚሰጡ ሰዎች ናቸው። ጓንት ያለ ቁጥር እንደማይሰፋ ከእነሱ የበለጠ የሚያውቅ የለም። እፍኝ ቁጥር እንዳለው ግን ከመካከላቸው አንድም ሰው አስቦት አያውቅም።

«ውሃ ጨምሬበት ነበር እኮ» አለች አካፋ፣ ለመከላከል ያህል።

«ውሃ ስትጨምሪ ምስሩ ቀጠነ» አሉ እትዬ ክር። «ሽንኩርቷስ? አንዷ ሽንኩርት ለዚያ ሁሉ ውሃ ምን ትሁን? ሰፊ ጓንት መዳፉን ብቻ አጥብበሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እናትሽ ስድስት ተኩል ነበረች። ጥርት ያለች ስድስት ተኩል። የሴት ጓንት የሚሞከረው በእሷ እጅ ነበር፤ እሷ እጇን ከፍታ ዘግታ «ይሂድ» ሳትል ወደ ማሸጊያ የሚያልፍ ጓንት አልነበረም።» እትዬ ክር ወደ ቆራጯ ዞሩ። «ከእሷ በኋላ ለሙከራ የተመረጠው የማን እጅ ነው?»

ቆራጯ ሳቋን አቁማ ትንሽዬ እጇን ከጠረጴዛው በላይ አነሳች። «የእኔ» አለች።

በማግስቱ አካፋ ከፋብሪካው በር ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ምስርና ሩዝ ገዝታ መጣች። ቆራጯ እስከ ክርኗ ታጠበች፤ ቀዶ ጥገና የምትገባ ይመስል እጇን ወደ ላይ ይዛ አስደረቀች። ከዚያ እያንዳንዱን አንድ አንድ እፍኝ በባዶ ምሳ ዕቃ ለካች። ሜካኒኩ በላይዋ ጎንበስ ብሎ «ጣትሽን ግጠሚ፣ እየፈሰሰ ነው» ይላል፤ እሷ «ከመኪናህ ጋር አታምታታኝ፣ እኔ ዘይት አላፈስም» ትላለች። አካፋ ምሳ ዕቃውን እንደ እንቁላል አቅፋ ቤቷ ገባች።

ሾርባው ተሠራ። እናት ቀመሰች። ደገመች። ጥቂት ማንኪያ ከሄደ በኋላ ግን እናት ቆመችና ሳህኑን በትዝብት አየችው።

«ነገን የት አደረግሽው?» አለች።

«ነገ ቅዳሜ ነው፣ እማዬ።»

«ቀኑን ማን ጠየቀሽ? ነገን ነው ያልኩሽ።»

አካፋ ሐሳቧ እንደገና ሄደባት ብላ ሳህኑን አነሳች። ቢሆንም ከትናንት የተሻለ ነው። ግን ለእሁድ የሚበቃ አይደለም፤ ይህንንም ታውቃለች። ወንድሟ በጥቂት ማንኪያ የሚታለል ሰው አይደለም።

ቅዳሜን ስታብሰለስል ዋለች። ማታ ዕቃ ስታጥብ አንድ ሐሳብ መጣላትና በራሷ ተናደደች። የእናቴ እጅ እዚሁ ቤት ተቀምጦ እያለ የሰው እጅ ለመዋስ ምን አንከራተተኝ?

እሁድ ጠዋት ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ያንን የድሮ ጣሳ አወጣች። ከእናቷ ዕቃ ጋር የመጣ ነው፤ አካፋ መርፌና የአዝራር ትርፍራፊ ታኖርበት ነበር። አጠበችው፣ በጨርቅ አደረቀችው፣ ምስር ሞላችበት። የላስቲክ ዕቃ እያላት ጣሳውን የመረጠችው እንዲያው በስሜት አይደለም። በሥራ እንደምታውቀው እጅ የለመደውን መሣሪያ ሲያገኝ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ይሠራል። የእናቷን እጅ በሙቅ ውሃ አጠበችላትና ወደ ጠረጴዛው አስጠጋቻት። እጁ ከስቷል፣ አንጓዎቹ አብጠዋል፤ ዛሬ ማንም ጓንት አይሞክርበትም።

«ሾርባ እንሥራ፣ እማዬ። ምስሩን አንቺ ለኪልኝ።»

እናት ጣሳውን አየችው። ክዳኑን ራሷ ያዘች፤ ሲጢጥ አለ። እጇ ገባ፣ ሞልቶ ወጣ። አካፋ ድስቱን ወደ እሷ አቀረበች። እጁ ግን ወደ ድስቱ አልመጣም። ከጣሳው አፍ በላይ ለአፍታ ቆመ፤ የእጅ አንጓው ትንሽ ዘመም አለ፣ የመጨረሻዋ ጣት ላላ አለች፣ እና ከእፍኙ ላይ ጥቂቱ ተመልሶ ወደ ጣሳው ወረደ።

ሽርርር።

«የነገ» አለች እናት። የቀረውን ድስቱ ውስጥ ጨመረችው።

አካፋ ድስቱን እንደያዘች ቀረች። ዝናቡ! ዕድሜዋን ሙሉ ያ ድምፅ ምስር ወደ ድስት ሲገባ የሚሰማ ይመስላት ነበር። ድስት ውስጥማ ውሃ አለ፤ ውሃ ውስጥ የገባ ምስር እንዲያ አይጮኽም። ያ ድምፅ ተመላሹ ነው። እናቷ ከእያንዳንዱ እፍኝ እየቆነጠረች ወደ ጣሳው የምትመልሰው ነው። በዚያ ቤት ብዙ ነገር አልቆ ያውቃል፤ ጋዝ አልቋል፣ ሳሙና አልቋል፣ የጫማ ሶል አልቋል። የጣሳውን ግርጌ ግን እሷም ወንድሟም አንድ ቀን አይተውት አያውቁም። ሁለት ልጆች በጣውላ ግድግዳ ጀርባ ሆነው ራት ደረሰ ብለው የተደሰቱበት ድምፅ ከራታቸው የሚቀነሰው ነበር። ጣዕሙም ያ ነበር። እነሱ ያደጉት ከእፍኙ በጎደለው ነው።

«ሩዙንስ?» አለች እናት ተቆጥታ። «ምን ያፈዝሻል? እሳቱ ይነድዳል እኮ።»

«እሺ እማዬ» አለች አካፋ፣ ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ። ሩዙንም በጣሳው ክዳን ላይ አቀረበችላት። እጁ ገባ፣ ወጣ፣ ቆመ፣ ዘመም አለ። በክዳኑ ቆርቆሮ ላይ ሁለተኛው ዝናብ ወረደ።

«ዝናቡ መጣ» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ።

ወንድሟ ነው። ለእናቱ ልብስ መያዣ ይዞት የመጣው ትልቅ ባዶ ቦርሳ በትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። ቃሉ ሳያስበው እንዳመለጠው ፊቱ ይናገራል፤ ፀጉሩ የሸበተ ሰውዬ በሩ ላይ ቆሞ በልጅ አፍ ተናገረ። እህትና ወንድም ተያዩ። ሰላምታ እንኳ አልተሰጣጡም።

ሽንኩርቷ አንድ ነበረች፤ ለአንድ ድስት አልበዛችም፣ አላነሰችም። ቆራጯ እንደምትለው ታግሠው አበሰሏት። ሾርባው ወጣ፤ በማንኪያ የሚዛቅ ሳይሆን ከሳህን ጠርዝ የሚጠጣ፣ እንደ ድሮው። እናት ቀመሰች። እጅ እጅ ይላል አላለችም። ግማሹን ጠጣችና አረፈች፤ ሁለቱ ልጆቿ ሌላ ነገር የሚያዩ መስለው ሳህኑን ያያሉ። ቆየት ብላ ሳህኑን መልሳ ሳበችው። የመጨረሻውን ስትለቅም ማንኪያዋ ግርጌውን ነክቶ ኪው አለ።

«ዳቦ የለም እንዴ በዚህ ቤት?» አለች።

ወንድሟ ተነስቶ እስኪሄድ አካፋ ቀድማው ሄደች።

በኋላ ወንድም ነገሩን ሲሰማ እኔም ልሞክር አለና እጁን ጣሳው ውስጥ ሰደደ። እፍኙን ሞልቶ አወጣ። እናት የእጁን ጀርባ መታ አደረገችው።

«መልስ!»

«ምን?»

«መልስ አልኩህ! ነገ ድንጋይ ልትበላ ነው?»

ሰውዬው መለሰ። ዝናቡ ወረደ። እናት ራሷን በእርካታ ነቀነቀች።

ማምሻውን ሊሄድ ሲነሳ ቦርሳውን ከመሬት አነሳው፣ ክብደት የሌለው መሆኑ የገረመው ይመስል መዘን አደረገው። «እንግዲህ በየወሩ ሚስቴን ይዤ እየመጣሁ ትመዝናት» አለ። «ክብደቷ ከወረደ ግን እህት ዓለም፣ ክርክር የለም።»

«ከወረደ ልብሷን ራሴ አጥፌ እሰጥሃለሁ» አለች አካፋ። የምሯን ነው። እናታቸው በዚህን ጊዜ በግድግዳው ላይ እጇን እያስኬደች፣ ማንንም ሳትጠራ ወደ መኝታዋ ትሄድ ነበር።

ሰኞ ምሳ ሰዓት መኪኖቹ ሲቆሙ አካፋ ወሬውን የጀመረችው እንደ ልማዱ በጩኸት ነበር፤ ስትጨርስ ግን ድምፅዋ ወርዶ ነበር። እትዬ ክር ቁልፋቸውን በአንገታቸው ዙሪያ ሲያዞሩ ቆዩ።

«በአንድ ጠረጴዛ አብረን ስንበላ ኖርን» አሉ። «የነገዋን ግን አንድ ቀን አልነገረችኝም።»

«እና እፍኙ ስንት ቁጥር ሆነ ማለት ነው?» አለ ሜካኒኩ። «ስድስት ተኩል ነው ስድስት?»

«ብትቀምሰው አይሻልህም?» አለች ቆራጯ፤ የአካፋን ምሳ ዕቃ ወደ መሃል ሳበችና ከፈተችው። ጎንበስ ብላ ወደ ውስጥ አየች። «አንቺ! ለአራት ሰው ይቺን? በአካፋ ስንጠብቅ በማንኪያ መጣሽ?»

«ብሉ ዝም ብላችሁ» አለች አካፋ። «ቀሪው የነገ ነው።»